የደም ሥር ወንፊት፦ ከመግባቱ ጋር መውጫውም ይታሰብበት

በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን የምንመለከተው ደም ወደ ልብ በሚመለስበት ትልቁ የሆድ ደም ሥር ውስጥ ስለሚተከል አንድ ትንሽ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ በእግር ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ እንዳይደርስ መንገድ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ መሣሪያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ማስገባቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ በአብዛኛው የምናወራው ስለ ማውጣቱ ይሆናል። ምክንያቱም ወንፊቱ ለብዙዎቹ ሕሙማን የሚያስፈልገው ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ብቻ ሲሆን፣ ሥራውን ጨርሶ በሰውነት ውስጥ ሲረሳ ጠባቂነቱ ቀርቶ ራሱ የችግር ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሲኖሩ ይህ መሣሪያ ተተክሎላቸው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ፣ ወይም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚዛወሩ ወገኖች ሊኖሩ ይችላሉ። ሐኪማቸው ሲቀየር ወንፊቱን የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል።

ከእግር እስከ ሳንባ

በጤናማ ሰው ሥር ውስጥ የሚፈስ ደም አይረጋም። ሰው ለብዙ ቀን ሲተኛ፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ሲታሰር፣ ካንሰር ሲይዘው፣ እንዲሁም ሴት በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት በእግር ጥልቅ ደም መልሶች ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። ረጅም ጉዞም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ ወደ እጥፍ እንደሚያሳድገው፣ ያም ሆኖ የሚደርሰው ከ6000 መንገደኞች በአንዱ ላይ ገደማ እንደሆነ አመልክቷል። ከሰሜን አሜሪካ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ወደ ጅዳ የሚበርሩ ወገኖቻችን በየጊዜው ተነስተው እንዲንቀሳቀሱና ውኃ እንዲጠጡ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

የአንድ እግር ባት ወይም ጭን ሲያብጥ፣ ሲያም፣ ሲሞቅና ሲቀላ የደም መርጋት ሊጠረጠር ይገባል። ከፍተኛው አደጋ የሚመጣው የረጋው ደም ተቆርሶ ሲነሳ ነው። ከጭን ወደ ሆድ ይወጣል፤ ከኩላሊት በታችና በላይ በሚያልፈው ታችኛው ታላቅ ደም መልስ በኩል ወደ ቀኝ ልብ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሳንባ ተገፍቶ የሳንባን ደም ቧንቧ ይዘጋል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳልና ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው። ትልቅ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ደም ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም ወደ ግራ ልብ የሚሄድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1242 ጽፎ ያስቀመጠው የደማስቆው ተወላጅ ሐኪምና ፈቂህ ኢብኑ ነፊስ ነው። ከእርሱ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየው የጋሌን ትምህርት ደም ከቀኝ ወደ ግራ ልብ በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ የማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ይል ነበር። ኢብኑ ነፊስ ግን ግድግዳው ድፍን እንደሆነና ደሙ በሳንባ በኩል እንደሚዞር አስረዳ። ይህ ታላቅ ሰው በ687 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1288) ካይሮ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ሐኪሞች ወንፊቱን የት ቦታ እንደሚያስቀምጡ ሲወስኑ የሚከተሉት ይህንኑ የደም መንገድ ነው።

መድኃኒቱ ይቀድማል

ለረጋ ደም ዋናው ሕክምና ወንፊት አይደለም። በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ደሙን በእርግጥ አያቀጥነውም፤ አዲስ መርጋትን ይከላከላል፣ ሰውነትም የቀድሞውን ቀስ በቀስ እንዲያሟሟው ጊዜ ይሰጠዋል። በመርፌ የሚሰጠው ሄፓሪን፣ በአፍ የሚወሰደው ዋርፋሪን፣ እንዲሁም በኋላ የመጡት እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢያን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሄፓሪን በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። ዑለማዎች ጉዳዩን በዶሩራ (በአስገዳጅ ሁኔታ) እና በኢስቲሓላ (የአንድ ነገር ባሕርይ ሙሉ በሙሉ መለወጥ) ርዕሶች ሥር የሚመለከቱት ስለሆነ ብይኑን ለእነርሱ እንተዋለን። ከሕክምናው ወገን ግን ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባለው መርፌ ሙሉ በሙሉ በላቦራቶሪ የሚሠራ ስለሆነ ለሁኔታዎ ይስማማ እንደሆነ ሐኪምዎን መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ባለችበት ሰዓት ሳይጠይቁ መርፌውን እምቢ ማለት አይገባም።

ታዲያ ወንፊት ለማን ነው? በዋናነት ደም ማቅጠኛ መውሰድ ለማይችሉ ሕሙማን ነው። ለምሳሌ በእግሩ ላይ ደም የረጋበት ሰው በዚያው ሳምንት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢፈስሰው፣ ወይም የጨጓራ ቁስሉ እየደማ ቢሆን፣ መድኃኒቱን መስጠት መድማቱን ያባብሳል፤ አለመስጠት ደግሞ ሳንባውን ለአደጋ ያጋልጣል። በሁለት አደጋ መካከል ለተያዘ ሰው ወንፊቱ ጊዜ ይገዛለታል።

የወንፊቱ አመጣጥ

ቡና ሲቀዳ አተላው ወደ ስኒ እንዳይወርድ በጀበናው አፍ ላይ የሚደረገውን ማጥለያ እናስታውስ። ፈሳሹን ያሳልፋል፣ ጓሉን ያስቀራል። የደም ሥር ወንፊትም ሐሳቡ ይኸው ነው።

ከደቡብ እስያ የመጡት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ቃዚ ሙቢኑዲን እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ማያሚ በአንገት ደም መልስ በኩል የሚገባ፣ ቀዳዳዎች ያሉት ጃንጥላ መሰል ወንፊት አስተዋወቁ። በሐሳብ ደረጃ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ በብዙ ሕሙማን ላይ ቧንቧውን ራሱን እየዘጋ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሐኪሙ ላዛር ግሪንፊልድ ጋርማን ኪሜል ከተባለ የነዳጅ ዘይት ዘርፍ መሐንዲስ ጋር ሆኖ መፍትሔ ይዞ ብቅ አለ። መሐንዲሱ በነዳጅ ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻን የሚይዝ ነገር ግን ፍሰቱን የማያቆም ሾጣጣ ወጥመድ ያውቅ ነበር። ስድስት የሽቦ እግሮች ከአንድ ጫፍ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሲዘረጉ የሾጣጣ ቅርጽ ይሠራሉ። የረጋው ደም በጠባቡ ጫፍ በኩል መሐል ላይ ይጠራቀማል፤ በዙሪያው ያለው ደም ይፈስሳል። ሾጣጣው ከቁመቱ 70 በመቶው በረጋ ደም ቢሞላ እንኳ የተዘጋው የቧንቧው ስፋት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ይህ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ የብዙዎቹ ወንፊቶች መሠረት ነው።

ለምን ይወጣል?

የግሪንፊልድ ወንፊት ለዘለቄታው የሚቀመጥ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ሐኪሞችን አሳሰበ። በጥናቱ 400 ሕሙማን ተሳትፈዋል፤ ሁሉም ደም ማቅጠኛ ሲወስዱ ግማሾቹ በተጨማሪ ቋሚ ወንፊት ተተከለላቸው። በ12ኛው ቀን ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም የታየው ወንፊት ካላቸው 1.1 በመቶ፣ ከሌላቸው 4.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነበር። ስለዚህ ወንፊቱ ሠርቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን በእግራቸው ላይ እንደገና ደም የረጋባቸው ወንፊት ካላቸው 20.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌላቸው 11.6 በመቶ ነበሩ። በሞት ቁጥር ልዩነት አልታየም።

መልእክቱ ግልጽ ነው። ወንፊት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠቅማል፤ ሲቆይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዚህም የተነሳ ሊወጣ የሚችል ወንፊት ተፈለገ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በርካታ እንዲህ ያሉ ወንፊቶች እንዲወጡ ጭምር ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 399 ሕሙማን የተሳተፉበት ሌላ የፈረንሳይ ጥናት፣ ደም ማቅጠኛ መውሰድ ለሚችል ሰው የሚወጣ ወንፊት መጨመር ብልጫ እንዳላመጣ አሳየ።

ማውጣት የሚጀምረው ከንድፉ ነው

የሚወጣ ወንፊት ሲነደፍ መሐንዲሱ ሁለት የሚጋጩ ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ወንፊቱ በደም ግፊት፣ በትንፋሽ፣ በሳልና በሚመጣበት ጓል ምክንያት ወደ ልብ እንዳይንሸራተት ግድግዳውን አጥብቆ መያዝ አለበት። ለዚህ ሲባል በእግሮቹ ጫፍ ላይ እሾክ መሰል ትንንሽ ጥፍሮች ይደረጋሉ። በሌላ በኩል ሲፈለግ ግድግዳውን ሳይቀድ መልቀቅ አለበት። በጣም የሚይዝ ለመውጣት ያስቸግራል፤ በቀላሉ የሚለቅ ደግሞ ሳይፈለግ ይነሳል። ጥበቡ ያለው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

ከብዙዎቹ ወንፊቶች አናት ላይ አንዲት ትንሽ መንጠቆ አለች። መንጠቆዋ ወደ ላይ የምታይ ከሆነ ወንፊቱ በአንገት ደም መልስ በኩል ይወጣል። ወደ ታች የምታይ ከሆነ በብሽሽት በኩል ነው። ስለዚህ የወንፊቱን ዓይነት ሳያውቁ የሚያወጡበትን በር መምረጥ አይቻልም።

በአንገት በኩል ሲወጣ አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

1. ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን አያስፈልገውም።
2. በቀኝ አንገት ደም መልስ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል። ቱቦው የቀኝ ልብን የላይኛ ክፍል አልፎ ወንፊቱ አጠገብ ይደርሳል። ይህን ቱቦ እንደ ሰይፍ ማስገቢያ «አፎት» እንበለው።
3. በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ተረጭቶ ወንፊቱ ላይ ትልቅ የረጋ ደም ተይዞ አለመኖሩ ይታያል። ካለ ማውጣቱ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።
4. በአፎቱ ውስጥ የሽቦ ሸምቀቆ ይላካል፤ መንጠቆዋንም ይይዛል።
5. ሸምቀቆው እንደተወጠረ ተይዞ አፎቱ ወደ ፊት ይገፋል። የወንፊቱ እግሮች እንደሚታጠፍ ጃንጥላ ወደ መሐል ይሰበሰቡና ከግድግዳው ይላቀቃሉ። ከዚያም ሁሉም በአንድነት ይወጣል።

አምስተኛው ነጥብ ዋናው ነው። ብዙ ሰው ወንፊቱ ተጎትቶ የሚወጣ ይመስለዋል። በትክክል ሲሠራ ግን ወንፊቱ ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው አፎቱ ነው። ጥፍሮቹ ግድግዳው ውስጥ እንዳሉ ቢጎተት የደም ሥሩን ሊቀድ ወይም አንዱን እግር ሊሰብር ይችላል።

የማይወላውል መሣሪያ ማለት ምን ማለት ነው?

ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልዲ በገመድና በሜንጦ ለማውጣት የሞከረ ሰው ችግሩን ይረዳል። ገመዱ ይወዛወዛል፤ ሜንጦው ከባልዲው እጀታ አጠገብ ደርሶ ያልፋል፤ ባልዲው ወደ ጎን ተጋድሞ ከሆነ እጀታው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ከተያዘም በኋላ ገመዱ ሲላላ ሜንጦው ይለቃል።

በደም ሥር ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጉድጓዱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ታችኛው ታላቅ ደም መልስ በአዋቂ ሰው በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰፋል፣ ይጠባል። አጠገቡም ልብ ይመታል። በዚህ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መንጠቆ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ የማውጫ መሣሪያ ነዳፊዎች በሚከተሉት ላይ ይደክማሉ።

አፎቱ መታጠፍ የለበትም። ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ ቢሆን ሲገፋ ይቀረቀባል። ስለዚህ በግድግዳው ውስጥ የተጠለፈ ቀጭን ሽቦ ይደረግለታል። ጫፉ ግን የደም ሥሩን እንዳይጎዳ ለስለስ ይላል። ስፋቱ የሚለካው ፍሬንች በሚባል መለኪያ ነው፤ ሦስት ፍሬንች አንድ ሚሊ ሜትር ነው። 11 ፍሬንች የሆነ አፎት 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሰፊ ሲሆን ወንፊቱን በቀላሉ ይውጣል፤ በአንገት ላይ የሚተወው ቀዳዳ ግን ይተልቃል።

አፎት በአፎት ውስጥ። አንዳንድ መሣሪያዎች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ቱቦ አላቸው። የውስጠኛው መንጠቆውን ሲከብ የውጪኛው ከኋላው ድጋፍ ይሰጠዋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሆነው ሲገፉ ኃይሉ ወደ ጎን አይባክንም።

ሸምቀቆው መሐል ላይ መከፈት አለበት። የሚሠራበት ኒቲኖል የሚባል የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ ተጨምቆ በቱቦ ውስጥ ካለፈ በኋላ የተሰጠውን ቅርጽ ያስታውሳል፤ ወጣ ሲል ክብ ሆኖ ይከፈታል። አንድ ቀለበት ብቻ ያለው ሸምቀቆ አለ፤ ሦስት ቀለበት ያለውም አለ። ሦስቱ የቧንቧውን ስፋት ስለሚሞሉ መንጠቆዋን የማግኘት ዕድል ይጨምራል።

ውጥረቱ መጠበቅ አለበት። አፎቱ በሚገፋበት ጊዜ ሸምቀቆው ለቅጽበት ቢላላ መንጠቆዋ ታመልጣለች፤ ግማሽ የታጠፈው ወንፊትም ተመልሶ ይዘረጋል። ለዚህ ሲባል ከአንገት ውጪ ባለው እጀታ ላይ ሽቦውን የሚቆልፍ ማጥበቂያ ይደረጋል።

ጫፉ መታየት አለበት። ሐኪሙ የሚመለከተው የራጅ ምስል ነው። በአፎቱ ጫፍ ላይ በራጅ የሚታይ የብረት ቀለበት ከሌለ አፎቱ ምን ያህል እንደገፋ አይታወቅም።

ሲያስቸግርስ?

የአጥር ሽቦ የተጠመጠመበት ዛፍ ዓመታት ሲያልፉ ሽቦውን እየዋጠ ሲያድግ ታይቶ ይሆናል። የደም ሥር ግድግዳም የወንፊቱን እግሮች ቀስ በቀስ በሥጋ ይሸፍናቸዋል። ወንፊቱ ወደ ጎን ካዘነበለ መንጠቆዋም ጭምር ትሸፈናለች፤ ሸምቀቆም አያገኛትም።

እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች ሌሎች ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። በወንፊቱ እግሮች መካከል ሽቦ አሾልከው ጫፉን ከላይ በሸምቀቆ ይዘው እንደ ጠለበት ያወጣሉ። ጠንካራ ቆንጥጦ በመጠቀም በመንጠቆዋ ላይ ያደገውን ሥጋ የሚገልጡም አሉ። ከሁሉም የተራቀቀው በጫፉ ዙሪያ የሌዘር ብርሃን የሚያመነጭ አፎት ነው። መጀመሪያ የተሠራው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሽቦዎችን ለማውጣት ነበር። የሚነካውን ሥጋ ብቻ በጥቂቱ እያላቀቀ ስለሚሄድ ሐኪሙ በኃይል መጎተት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት በተለመደው መንገድ እምቢ ካላቸው 500 ሕሙማን መካከል በ497ቱ ላይ ወንፊቱ ወጥቷል፤ ከመቶ በሁለቱ ግን ከባድ ጉዳት ደርሷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ለዚህ አገልግሎት የተዘጋጀውን ሌዘር ፈቅዷል።

ማውጣትን ከነጭራሹ ለማስቀረት የሞከሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በአሜሪካ የተፈቀዱ ሁለት ወንፊቶች ጊዜያቸው ሲያበቃ የሚከፈቱ ናቸው። በአንደኛው እግሮቹን የያዘው ክር በሰውነት ውስጥ በራሱ ሟሟቶ እግሮቹን ይለቃቸዋል፤ ወደ ግድግዳውም ተጠግተው ይቀራሉ። ማጣሪያነቱ ያበቃል፣ ሽቦው ግን ይቆያል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው መርሳት ነው

ቀደም ሲል በጠቀስነው የ2015 ጥናት ማውጣት ከተሞከረባቸው 164 ሕሙማን በ153ቱ ተሳክቷል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚሠራው ሲሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 37 ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ እንዲወጡ ተብለው ከተተከሉት ወንፊቶች በእርግጥ የወጡት በአማካይ 34 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል።

የቀሩት አንዳንዶቹ በሐኪም ውሳኔ የቆዩ ናቸው። ሌሎቹ ግን ተረስተዋል። አንዱ ሐኪም ያስገባል፣ ሌላው ያስተኛል፣ ሦስተኛው ያስወጣና ወደ ቤት ይልካል፤ ወንፊቱን «የእኔ ነው» የሚል ይጠፋል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ2005 ጀምሮ 921 የችግር ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታወቀ። ከእነዚህ 328ቱ ወንፊቱ ከቦታው መንሸራተቱን፣ 146ቱ ቁራጩ ተነጥሎ በደም መሄዱን፣ 70ው የደም ሥሩ መበሳቱን፣ 56ቱ መሰበሩን የሚገልጹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አደጋው ካለፈ በኋላ፣ ከተተከለ ከ29ኛው እስከ 54ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማውጣቱ ከማቆየቱ ይልቅ እንደሚያመዝን አስረዳ። ይህ ማለት ጊዜው ያለፈበት ሰው ተስፋ ይቁረጥ ማለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ የወጡ ብዙ ወንፊቶች አሉ። ነገር ግን በቆየ ቁጥር ይከብዳል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በእጃችን የተቀመጠ የሰው ንብረት አማና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። ሰውነታችንም ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። በውስጡ በጊዜያዊነት የተቀመጠን ነገር በጊዜው ማስወጣት የዚህ አማና ክፍል ነው።

ምን እናድርግ?

ለእርስዎ ወይም ለቤተሰብዎ ወንፊት ከተተከለ ወይም ሊተከል ከሆነ፦

• ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ዓይነቱ ምንድን ነው? የሚወጣ ነው ወይስ ቋሚ? በአንገት ነው ወይስ በብሽሽት የሚወጣው? የሚያወጣው ማን ነው፣ መቼ?

• የሚሰጥዎትን ካርድ ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ፎቶ አንስተው ለቤተሰብ ይላኩ። አገር ከመቀየርዎ በፊት ወንፊቱን የማስወጣት ጉዳይ ያስጨርሱ። ማውጣቱ በሁሉም ሆስፒታል የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም።

• ቀጠሮውን «ከረመዷን በኋላ»፣ «ከዒድ በኋላ»፣ «ከሐጅ ስመለስ» እያሉ አያስተላልፉ። ማራዘም ካስፈለገ ሐኪሙ ይወስን። ከሥራው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ መከልከል የተለመደ ሲሆን፣ በራጅ የሚታየው ፈሳሽ ለኩላሊት ከባድ ሊሆን ስለሚችል የኩላሊት ምርመራና በቂ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ በጾም ወቅት ከሆነ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

• ወንፊቱ እንዲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ደም ማቅጠኛ በደህና መውሰድ መቻል ይኖርብዎታል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ መሆናቸውን ይወቅ። መተው አያስፈልግም፤ ነገር ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን። በፍጡርና በሱሑር የምግብ ልማድ ስለሚለወጥ በረመዷን የደም ምርመራውን ማዘውተር ይጠቅማል።

• ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል በእንክብል ወይም በብዛት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ሒጃማ ከመደረግዎ በፊትም ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መድማቱ ላይቆም ይችላል።

• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የእግር ማበጥ ወይም የማይለቅ የሆድና የወገብ ሕመም ከተሰማዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ወንፊት እንዳለብዎትም መጀመሪያ ይናገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ በኋላ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ባለፉት ዓመታት በውጭ አገር ሆስፒታል «ለደም መርጋት ሽቦ ተደርጎልኛል» ያለ ዘመድ ካላችሁ ደውሉለትና ወጥቶልህ ነበር ወይ በሉት። ካርዱን ይፈልግ፤ ካጣው አንድ የሆድ ራጅ ወንፊቱ መኖሩን ያሳያል። መሐንዲሶች የሠሩት ሸምቀቆና አፎት የሚጠቅመው አስታዋሽ ላገኘ ሰው ነው። ሰበቡን ማድረስ ከእኛ፣ ሺፋው ከአላህ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እንገናኝ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።